ቀበሮ ድምፅ የሰበሰበ ጊዜ

ተረት ልጀምር ነው፤ «እሺ» በሉኝ። እሺ ካላላችሁኝ መጨረሻውን ለራሴ አስቀርቼ ሳምንት ሙሉ አሳክካችኋለሁ።

እሺ? ጎሽ።

ድሮ ድሮ፣ አሞራ ገና መብረር ሲማር፣ አንድ አገር ነበረ። ስሙን አትጠይቁኝ፤ ብነግራችሁ ሄዳችሁ «እውነት ነው ወይ?» ማለታችሁ አይቀርም። የዚያ አገር ንጉሥ አያ አንበሶ ነበር። ሲያገሳ ሁሉም ዝም ይላል፤ ሲያዛጋም ሁሉም ዝም ይላል፤ ማን ያውቃል፣ ማዛጋቱ ወደ ማግሳት ቢዞርስ? ከገደሉ ሥር የምትፈልቅ ቀዝቃዛ ምንጭ ነበረች። እሷን አያ አንበሶ ለብቻው ይዟት፣ ሌላው ሁሉ የጭቃ ኩሬ ይጠጣ ነበር። ወደ ገደሉ አንዴ ዝር ያለ እንስሳ ሁለተኛ ዝር አይልም፤ ተበልቷላ!

አንድ ቀን አያ አንበሶ አርጅቶ ሞተ። ልጅ አልነበረውም። እንስሳት ሁሉ አልቅሰው ቀበሩት። ግማሾቹ እንኳን እንባ እምቢ ብሏቸው ምራቅ ነው የተቀቡት።

በሰልስቱ ትልቁ ዋርካ ሥር ሸንጎ ተቀመጡ። አያ አህዮ ተነሣና፣ «ጎበዝ! ሌላ ንጉሥ ከየትም አናምጣ። ራሳችን እንምከር፣ ራሳችን እንወስን። ምንጯም የሁላችን ትሁን!» አለ። እመት ፍየል የልብ ጓደኛው ነበረችና «እልልል!» ብላ አቀለጠችው። በዚያን ቀን ያልጮኸ አልነበረም። አገሩ ገና የሦስት ቀን ሕፃን ነው፤ ሕፃን ደግሞ ካልጮኸ ያስፈራል።

እሺ በሉ እንጂ!

ችግሩ የጀመረው በጥላ ነው። አዎ፣ በጥላ። በማግስቱ «ማን በየትኛው ሰዓት ወደ ምንጯ ይውረድ?» የሚለውን ሊወስኑ ተሰበሰቡ። ቀድመው የደረሱት እነ አያ አህዮ፣ እነ በቅሎ፣ እነ አውራ ዶሮ ነበሩ፤ ጠዋት ጥላው በወደቀበት በምዕራብ በኩል ተንጋለሉ። እነ እመት ፍየል፣ እነ ላም፣ እነ በግ ግጦሽ ላይ ቆይተው መጡና የተረፈው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ከሰዓት ሲሆን ጥላው ዞረ። ጠዋት የተንጋለሉት ተጠበሱ፤ ጠዋት የተጠበሱት ተንጋለሉ። ይኸው ነው። ሌላ የተፈጠረ ነገር የለም።

አያ ቀበሮ ግን ግንዱን ተደግፎ ይህን ያይ ነበር። ሲያይ ቆየና ወደ አያ አህዮ ጆሮ ጠጋ አለ፤ ጆሮ ደግሞ አያ አህዮ ዘንድ ሞልቷል።

«አያ አህዮ፣ ጥላችሁን ወሰዱባችሁ አይደል?»

«ኧረ እባክህ! ጥላ እኮ ከፀሐይ ጋር ይዞራል።»

«እንግዲያው ፀሐይም የነሱ ወገን ናታ!»

አያ አህዮ በዚህ በኩል አስቦበት አያውቅም ነበር።

ቀበሮ ዋርካውን ዞረና ወደ እመት ፍየል ሄደ። «እመት ፍየል፣ ጠዋት ሙሉ ፀሐይ ያስመቱሽ ባጋጣሚ እንዳይመስልሽ። ‹እዚያው ትድረቅ!› ሲባባሉ በነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ።»

«አያ አህዮም ጭምር?»

«እሱማ ከሁሉም ብሶ!»

የእመት ፍየል ጢም ተንቀጠቀጠ።

በሦስተኛው ቀን ሸንጎው ሁለት ሆኖ አደረ። በምዕራብ በኩል ያሉት ራሳቸውን «የጠዋት ጥላ» አሉ፤ በምሥራቅ በኩል ያሉት «የከሰዓት ጥላ» አሉ። ጠዋቶቹ ከሰዓት ላይ ጥላው ሲዞር ፀሐይ ይፈጃቸዋል እንጂ ወደዚያ ማዶ ንቅንቅ አይሉም። ከሰዓቶቹም ጠዋት ላይ እንደዚያው። በጥላ ጀምረው በጠላት ጨረሱ።

ሰላምታው ሳይቀር ተከፈለ። የጠዋት ጥላ የሆነ፣ ፀሐይ እየጠለቀች እንኳን ቢሆን «እንዴት አደራችሁ» ነው የሚለው። የከሰዓት ጥላ የሆነ ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ «እንዴት ዋላችሁ» ይላል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አያ አህዮና እመት ፍየል መንገድ ላይ ተገጣጠሙ።

«እንዴት አደርሽ?» አላት ኮስተር ብሎ።

«አላደርኩም! እንዴት ዋልክ?»

«አልዋልኩም!»

አንዷ አላደረች፣ አንዱ አልዋለ፤ እንግዲህ የት እንደከረሙ እነሱ ይወቁ።

እሺ በሉ፤ አሁን ዋናው መጣ።

ሁለቱም ወገን ከጩኸት በቀር ሥራ አጣ። የምንጯ ነገር ሳይወሰን ሰነበተ። ይሄኔ አያ ቀበሮ ጠዋት ላይ ጠዋቶቹ ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወገኖቼ! ሃምሳ አፍ ባንዴ ሲጮህ ማን ይሰማል? ድምፃችሁን ለእኔ ስጡኝ። እኔ አፋችሁ ልሁን!»

ጠዋቶቹ ደስ አላቸው። አፍ ሥራው መናገር ብቻ መሰላቸዋ! አፍ እኮ ይበላል፣ ይጠጣልም።

አንድ በአንድ እየወጡ በምስክር ፊት ጮኹ። አውራ ዶሮ «ኩኩሉ! ሰጠሁ!» አለ። በቅሎ አሽካካችና «ሰጠሁ!» አለች። አያ አህዮም አንዴ አናፍቶ «ሰጠሁ!» ካለ በኋላ እግረ መንገዱን ጠየቀ።

«አያ ቀበሮ፣ ኋላ ብፈልገውስ?»

«እንዴ! የሰጡትን መንሳት ነውር ነው!» ብሎ ጮኸበት ቀበሮ። «ከእንግዲህ ትንፍሽ ያለ፣ የሰጠውን መልሶ ሰረቀ።»

በዚያ አገር ነውር ከመባል ረሃብ ይሻላል። አያ አህዮ አፉን ግጥም አደረገ።

ከሰዓት ደግሞ ቀበሮ ዋርካውን ዞሮ ከሰዓቶቹ ፊት ቆመ። እነሱም «ሰጠሁ! ሰጠሁ! ሰጠሁ!» ብለው ጨረሱ። ለሁለቱም ወገን ያለው አንድ ነው፦ «ወደዚያ ማዶ ስሄድ ብታዩኝ እንዳትጠረጥሩ፤ ልሰልልላችሁ ነው።»

በመጨረሻ ከዋርካው ሥር ላይ፣ ጥላ ይሁን ፀሐይ ደንታ ሳይሰጣት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ፍጡር አየ። እመት ሽኮኮ ናት፤ ገደሉ ስንጥቅ ውስጥ የምትኖረው፣ በቀልዷ ሸንጎውን የምታስቸግረው።

«አንቺስ? ድምፅሽን አትሰጪም?»

«የትኛውን? ብዙ አለኝ እኮ።»

«የፈለግሽውን! ቶሎ በይ!»

እመት ሽኮኮ አየር ጎረሰች፣ ጉንጯን ነፋች፣ ከዚያ «ህቅ!» አለች። «ይቺን ስቅታዬን ውሰዳት። ሰጠሁ!»

ሸንጎው ሁሉ ሆዱን ያዘ፤ ግን ድምፅ ሰጥቷላ፣ በዝምታ ነው የሳቀው። ቀበሮ ጥርሱን አፋጨ። ቢሆንም ተቀበላት፤ ድምፅ ለሚሰበስብ ሰው ስቅታም ቁጥር ነው።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ጭጭ አለ። ዶሮ ስለማይጮህ ሁሉም ፀሐይ ጀርባውን እስክትመታው ይተኛል። በቅሎ እሾህ ሲወጋት «ወይኔ» አትልም። በግ ግልገሏ ሲጠፋ አትጠራውም። አያ ቀበሮ ግን ያወራል፣ ያወራል፣ ያወራል።

በጋ ገባ። የጭቃው ኩሬ ተሰነጠቀ። ቀበሮ ጠዋት ለጠዋቶቹ፣ «ወገኖቼ፣ ከሰዓቶቹ ምንጯን በቀንድ አጥረዋታል፤ የቀረበ ይወጋል። ታገሡ፣ እየተነጋገርኩላችሁ ነው» አለ። ከሰዓት ለከሰዓቶቹ፣ «ወገኖቼ፣ ጠዋቶቹ ምንጯን በኮቴ አጥረዋታል፤ የቀረበ ይረገጣል። ታገሡ፣ እየተነጋገርኩላችሁ ነው» አለ። ማዶ ለማዶ ተነጋግረው እንዳያጣሩ፣ ሁሉም ድምፁን ሰጥቷል። ምንጯ ጋ ያለ ቀንድም ኮቴም የለም። ያለው ቀበሮ ብቻ ነው፤ ማንም እንዳይሰማው አፉን ዘግቶ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየተራመደ ይወርዳል፣ ሆዱ እስኪወጠር ይጠጣል፣ በጣቶቹ ጫፍ ይመለሳል።

እመት ፍየል መንታ ግልገሎች ነበሯት። ገና ጡት ያልጣሉ ስለሆኑ ድምፅ የጠየቃቸው የለም። «እማ፣ ውሃ! እማ፣ ጡትሽ ደርቋል!» ይሏታል። እሷ ደግሞ የሰጠችውን መስረቅ ነውር ስለሆነ «እሺ ልጆቼ» እንኳን ማለት አትችልም። ጠዋት ጠዋት ወደ ገደሉ አፋፍ ትወስዳቸውና ድንጋይ ላይ ያደረውን ጤዛ ታስልሳቸዋለች። አንደኛው ግልገል መቆም ሲያቅተው እመት ሽኮኮ ከስንጥቋ ሆና አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣላትም።

ዘላ ወጣች። «እመት ፍየል! ምንጯ እኮ ከደጄ ሥር ናት! ማንም አይጠብቃትም! ያ ሌባ ብቻውን ነው የሚጠጣት!»

እመት ፍየል አፈጠጠችባት። ከዚያ በአገጯ ወደ ምዕራብ አመለከተች፣ ወደ ምሥራቅም አመለከተች። «የየትኛው ጥላ ነሽ?» ማለቷ ነው።

«የማንም አይደለሁም!»

እመት ፍየል ፊቷን አዞረች። እመት ሽኮኮ ወደ አያ አህዮ ሮጣ ያንኑ ነገረችው፤ እሱም እንደዚያው አመለከተ፣ እንደዚያው ፊቱን አዞረ። «የኛ ካልሆነች የነሱ ናት» አሉ ሁለቱም በሆዳቸው። እውነት ራሷ ጥላዋን ተጠየቀች እኮ!

«እሺ» አለች እመት ሽኮኮ። «በጆሮ ካልገባ በዓይን ይገባል።» ፈገግም አለች። እሷ ፈገግ ካለች፣ የሆነ ሰው ጉድ ሊሆን ነው ማለት ነው።

አያ ቀበሮን ዋርካው ሥር ተዘርግቶ አገኘችው።

«አያ ቀበሮ፣ ታሳዝነኛለህ።»

«እኔ? አገር ምድሩ ድምፁን የሰጠኝ?»

«አገር ምድሩማ አልሰጠህም። ገደሉ ውስጥ ሦስተኛ ወገን አለ እኮ፤ ጥላ ቢኖር ባይኖር ግድ የላቸውም። ስንት እንደሆኑ ቆጥሬ አልጨረስኩም። ትናንት አፋፉ ላይ ቆሜ ‹ቀበሮ ማነው?› ስል፣ እነሱም ‹ቀበሮ ማነው?› አሉ።»

ቀበሮ ብድግ አለ። «እንዴት አያውቁኝም!»

«እኔም ገርሞኝ ነው የመጣሁት። ድምፃቸውን መቀበል ከፈለግህ ግን ብቻህን አትሂድ፤ ይንቁሃል። ሁለቱንም ወገን አስከትለህ ውጣ። ስንት ሰው እንዳለህ ሲያዩ በአንድ አፍ ይሰጡሃል።»

ቀበሮ ትንሽ አመነታ። ምንጯ ከገደሉ ሥር ናት። ግን ከአፋፉ ላይ ቄጠማው ይሸፍናታል፣ አትታይም። «ይሁን!» አለና መጀመሪያ ወርዶ ጥሙን አረካ። ለንግግር ጉሮሮ መራስ አለበት አይደል? ነገ ውሃ የማይኖር ይመስል ነው የጠጣው። ከዚያ ለጠዋቶቹ «ከሰዓቶቹ እጅ ሊሰጡ ነው፣ ኑና እዩ!» አላቸው። ለከሰዓቶቹም «ጠዋቶቹ እጅ ሊሰጡ ነው፣ ኑና እዩ!» አላቸው። ሁለቱም እየተገላመጡ፣ ግራና ቀኝ ሆነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰለፉ። እመት ፍየል የደከመውን ግልገሏን በግንባሯ እየደገፈች መጣች።

ገደሉ ውስጥ ማን እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ገደል ማሚቶ ናት። እነሱ ግን ዕድሜ ልካቸውን ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ጮኸው አያውቁም። ቀበሮም ምንጯ ጋ የሚመላለሰው አፉን ዘግቶ ነው። እንዲያ ሲሆን ከማሚቶ ጋር በምን ይተዋወቅ?

እሺ በሉኝ! ጠንከር አድርጋችሁ!

አያ ቀበሮ ደረቱን ነፍቶ ጮኸ። «ድምፃችሁን ስጡኝ!»

ገደሉ መለሰ። «...ድምፃችሁን ስጡኝ! ...ስጡኝ! ...ስጡኝ!»

ሸንጎው በድንጋጤ ወደ ኋላ ሸሸ። ቀበሮም ጆሮው ቆመ።

«እኔ ነኝ የምቀበለው!»

«...እኔ ነኝ የምቀበለው!»

«ባለጌ!»

«...ባለጌ! ...ባለጌ!»

«ሰማሽ? ሰደቡኝ!» አለ ወደ እመት ሽኮኮ ዞሮ።

«አትቆጣ አያ ቀበሮ፣ ገጠሬዎች ናቸው። አሰጣጡን አያውቁበትም። ምን እንደሚባል አሳያቸው።»

«‹ሰጠሁ› በሉ!»

«...‹ሰጠሁ› በሉ!»

«ኧረ ‹በሉ›ን ተዉት!»

«...ተዉት! ...ተዉት!»

«አየህ፣ ቃል በዝቶባቸው ነው» አለች እመት ሽኮኮ፣ ፊቷን እንደ ሽማግሌ ኮስተር አድርጋ። «አንዷን ቃል ብቻ፣ ጥርት አድርገህ፣ ጮክ ብለህ።»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሆዱን ወጠረ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

«ሰጠሁ!»

«...ሰጠሁ! ...ሰጠሁ! ...ሰጠሁ!»

«እልልል!» አለች እመት ሽኮኮ። «ምስክሮች ሰማችሁ! አያ ቀበሮ ድምፁን ሰጠ!»

«ምን? እኔ እኮ...»

«እሽሽሽ! የሰጡትን መንሳት ነውር ነው!»

«እነሱም ‹ሰጠሁ› ብለዋል!»

«አንተ ቀደምካ! ደግሞ አሁንም እያወራህ ነው? ትንፍሽ ያለ የሰጠውን ሰረቀ፤ ያንተው ቃል ነው።»

ቀበሮ ሊመልስ አፉን ከፈተ። በዚህች ሰዓት ያ ሁሉ ውሃ ከሆዱ ተነሣና...

«ህቅ!»

ገደሉም «...ህቅ! ...ህቅ! ...ህቅ!» አለ።

«ውይ!» አለች እመት ሽኮኮ። «የሰጠሁህ ስቅታ ደረሰህ?» ከዚያ ወደ ሸንጎው ዞረች። «ግን ጎበዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እናንተ ምላሳችሁ ከላንቃችሁ ተጣብቋል። ባዶ ጉሮሮ እንዲህ ስቅ አይለውም። ይሄ ሰውዬ ምን ጠጥቶ ነው? ሆዱን ነቅነቅ አድርጉት እስቲ!»

በቅሎ ጠጋ ብላ በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው። ሆዱ «ጀቦብ፣ ጀቦብ» አለ። ልክ ውሃ እንደሞላ ቅል።

አያ አህዮ የቀበሮን ሆድ አየ። እመት ፍየልን አየ፤ የደከመውን ግልገል አየ። እመት ፍየልም አያ አህዮን አየችው፤ ከንፈሩ እንደ ኩሬው ተሰነጣጥቋል። ጠባቂ የተባለው ራሱ ተጠምቷል። «በቀንድ አጥረዋታል» ተባለ፣ «በኮቴ አጥረዋታል» ተባለ፤ ቀንዱም ኮቴውም እዚህ ነው፣ ደርቆ ቆሟል።

ቀበሮ ደግሞ «ህቅ!» አለ።

አያ አህዮ አልቻለም። መጀመሪያ ጥርሱ ታየ፣ ከዚያ ሆዱ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ ፈነዳ። «ሃ-ሂ! ሃ-ሂ! ሃ-ሂ!» ገደሉ ተቀበለው፣ እጥፍ አድርጎ መለሰው። እመት ፍየል ተከተለች፣ ላም ተከተለች፣ አውራ ዶሮ በጠራራ ፀሐይ «ኩኩሉ!» አለ። አንድ ወር የተጠራቀመ ድምፅ ባንዴ ወጣ! ማሚቶ እንኳን ለማን እንደምትመልስ ጠፋት። ለካ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው ንቅንቅ አላለም ኖሯል።

«ልጆቼ!» ብላ ጮኸች እመት ፍየል። «እሺ ልጆቼ! ውሃ አለ!»

አያ አህዮ ተንበረከከላት። «ጫኚብኝ። ያንን ትንሹን ጀርባዬ ላይ ጫኚው።» ጠዋት ከከሰዓት ሳይለይ ተያይዘው ወረዱ። ቄጠማውን ገልጠው ምንጯን ሲያገኙ ግልገሉ በአፍንጫው ጭምር ነው የገባባት። ጠጥቶ ጠጥቶ ቀና ሲል «ህቅ!» አለ፤ ያንን ስቅታ የሰማ ሁሉ እልል አለ።

አያ ቀበሮማ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሜዳ ለሜዳ ሸሸ። ዛሬም ብቻውን ርቆ ሄዶ ይጮህና ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል፤ ድምፁ ተመልሶለት እንደሆነ እያረጋገጠ ነው። አንድ ሰው ስሙን ባነሳ ቁጥር ደግሞ ስቅ ይለዋል። አሁን ስንት ጊዜ እንዳነሳነው ቁጠሩ፤ ምስኪን፣ አልቆለታል።

በማግስቱ እመት ሽኮኮን «አለቃችን ሁኚ» አሏት። «እኔን? ሁላችሁንም በሳምንት ውስጥ ነው ጉድ የምሠራችሁ!» አለቻቸው። «በፈለጋችሁት ጥላ ተቀመጡ፣ እስኪበቃችሁ ተከራከሩ። ግን ድምፃችሁን አፋችሁ ለሚሆነው አበድሩት እንጂ አትስጡት። አዝመራ በደረሰ ቁጥር ‹መልስ!› በሉት። ካስፈለጋችሁም ከአዝመራው በፊት።»

ተስማሙ። ጠዋቶቹ «ወደ ምንጯ የሚወስደው መንገድ በድንጋዩ በኩል ይሁን» አሉ፤ ከሰዓቶቹ «በሣሩ በኩል ይሁን» አሉ። እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ውሃ ግን በሁለቱም መንገድ ሄደው ይጠጣሉ። አያ አህዮና እመት ፍየልም እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላው የማንም ባልሆነ ሰዓት፣ ግንዱ ሥር ይገናኛሉ።

«እንዴት ዋልሽ?» ይላታል የጠዋቱ።

«እንዴት አደርክ?» ትለዋለች የከሰዓቷ፣ በጢሟ ውስጥ እየሳቀች።

ስለዚህ ነው አባቶች «ድምፁን ያበደረ ይጠይቃል፤ ድምፁን የሰጠ ይጠየቃል» ያሉት።

እኔም ተረቴን አበደርኳችሁ እንጂ አልሰጠኋችሁም። አፌን በበቆሎ እሸት አብሱና መልሱልኝ!